ጣናም አለት አለው

መርከቦች ከአለት እንዳይጋጩ ስለሚያበራው ስለ ቤል ሮክ የመብራት ማማ ያወጣችሁት ጽሑፍ ደስ ይላል፤ ግን ዋናውን ጉድ ቶሎ አልፋችሁታል። ማማው የቆመበት አለት ከስኮትላንድ ዳርቻ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ባሕሩ ሲሞላ ጭራሽ ይሰወራል። ሠራተኞቹ መሠረቱን የቆፈሩት ውሃው ሸሽቶ አለቱ ብቅ በሚልባቸው ጥቂት ሰዓታት እየተሻሙ ነው! የማማው ድንጋዮችም እርስ በርስ እንዲቆላለፉ ሆነው ተጠርበዋል። እ.ኤ.አ. በ1811 የበራው ማማ ይኸው ዛሬም ቆሟል።

እኛ ጣና ላይ በየቀኑ የሚሞላና የሚሸሽ ውሃ የለብንም። የሚቀንሰው በበጋ ነው፣ ቀስ እያለ። የባሕር ዳር ጀልባ ነጂዎች የሐይቁ አለት ያለበትን በቃላቸው ያውቁታል። ለአዲስ ሰውና ለማታ ጉዞ ግን ይከብዳል። ማማ ይሠራልን አላልኩም፤ አለት ባለበት በፀሐይ የሚሠራ ትንሽ መብራት ቢተከል ምን ክፋት አለው?