ጊዜ የገባበት ሎጂክ ሁሉ «አይወሰንም» የሚባለው ልክ አይደለም

ደሴ ሆነህ ኮምፒውተር ሳይንስ የምታጠናው ወንድሜ፣ «የሒሳብ ሊቁ ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ስላረጋገጠ፣ ጊዜ የገባበት ሎጂክ በሙሉ በኮምፒውተር አይወሰንም» ብለሃል። አይወሰንም ማለት ለሚቀርብለት ጥያቄ ሁሉ ሁልጊዜ ቆሞ ትክክለኛውን «አዎ» ወይም «አይ» የሚመልስ ስልት የለም ማለት ነው። ይህን ብዙ ሰው ይላል። ግን ስህተት ነው።

ቱሪንግ ያሳየው የትኛውም ፕሮግራም ይቆም እንደሆነ የሚለይ አንድ አጠቃላይ ስልት አለመኖሩን ነው። ከዚያ ተነስቶ ሎጂክን በጅምላ መኮነን አይሆንም።

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ አሚር ፕኑኤሊ እ.ኤ.አ. በ1977 ለፕሮግራም ማረጋገጫ ያቀረበውን ቀጥተኛ የጊዜ ሎጂክ እንይ፤ «ሁልጊዜ»ንና «ውሎ አድሮ»ን በቀመር የሚጽፍ ነው። ፒያሳ አንድ ፎቅ ላይ ሊፍት አለ እንበል። «ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ሊፍቱ ውሎ አድሮ ይመጣል»፤ «ቁልፉ አሁን ተጭኗል»፤ «ሊፍቱ ከአሁን ጀምሮ መቼም አይመጣም»። (መብራት ከጠፋ ሌላ ጉዳይ ነው።) ሦስቱ አብረው እንደማይሄዱ ኮምፒውተሩ ራሱ ይደርስበታል። ቀመሩ ምንም ይሁን ምን ስልቱ ይቆማል፣ መልስም ይሰጣል። ቀመሩ ሲረዝም ሥራው በጣም ሊከብድ ይችላል፤ እሱ እውነት ነው። መክበድና አለመወሰን ግን ለየቅል ናቸው።

የማይወሰኑ ጥያቄዎች መኖራቸውን ማን ካደ? ጥፋተኛው ግን ሁልጊዜ ጊዜ አይደለም። የግንኙነት አልጀብራን ውሰድ፤ እንደ «ወላጅ ነው» ያሉ ግንኙነቶችን በስሌት የሚያጣምር ነው፣ ጊዜ የሚባል ነገር የለበትም። የሒሳብ ሊቁ ሊንደን እ.ኤ.አ. በ1950፣ የሎጂክ ሊቁ ታርስኪ ለዚህ አልጀብራ ያወጣቸውን አክሲዮሞች (መነሻ ሕጎች) እያሟላ በእውነተኛ ግንኙነቶች ሊወከል የማይችል አልጀብራ አሳየ። አንድ ውሱን አልጀብራ ይወከል እንደሆነ የሚለይ ስልት እንደሌለ ደግሞ ተመራማሪዎቹ ሂርሽና ሆድኪንሰን እ.ኤ.አ. በ2001 አረጋገጡ። የአልጀብራው የስሌት ሠንጠረዥ ውሱን ነው፤ ጥያቄው ግን በጥቅሉ አይወሰንም።