«የኔ» ከሚለው ልጅ ይልቅ «የኛ» የሚለው

ውጭ የምንኖር ሰዎች ስንሰባሰብ የማትቀር ወሬ አለች። «እዚህ ያደገ ልጅ ስስታም ነው፣ አፉን የሚፈታው የኔ፣ የኔ እያለ ነው። አገር ቤት እኮ ልጅ ያገኘውን ተካፍሎ ነው የሚያድገው» ትባላለች። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ለናፍቆት ጥሩ ማስታገሻ ናት። ግን አንድም ሰው «የሚያካፍለው ለማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።

የዙሪክ ዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚ ምሁር ኤርነስት ፌርና ባልደረቦቹ የስዊዘርላንድ ልጆችን በከረሜላ ፈትነው ውጤቱን በ2008 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡ። ልጆቹ ከ3 እስከ 8 ዓመት የሆናቸው ናቸው። ሁለት ከረሜላ አለ። ሁለቱንም ትወስዳለህ ወይስ አንዷን ስሙን ለማታውቀው ልጅ ትሰጣለህ? ከ3 እስከ 4 ዓመት ከሆኑት ውስጥ ያካፈሉት ከመቶ 9 ያህሉ ብቻ ናቸው። ከ7 እስከ 8 ዓመት የሆኑት ላይ ግን ቁጥሩ 45 ከመቶ ደረሰ።

ጎሽ፣ አደጉልን! የሚቀጥለው ግን እንዲህ ደስ አይልም። ያ ስሙ የማይታወቅ ልጅ ከራሳቸው ትምህርት ቤት ሲሆን እጃቸው ይፈታል። ከሌላ ትምህርት ቤት ሲሆን ጨበጥ ያደርጋሉ። ይህ ልዩነት ዕድሜ ሲጨምር ሰፋ እንጂ አልጠበበም፣ በተለይ ወንዶቹ ላይ። ማካፈልን በሚማሩበት ዕድሜ ላይ «የኛ ልጅ» ማለትንም አብረው ይማራሉ ማለት ነው።

ቡድን ለመሆን ደግሞ ትምህርት ቤት እንኳ አያስፈልግም። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ላይ የአምስት ዓመት ልጆችን እንደ ዕጣ በደረሳቸው ቀለም ቲሸርት አለበሷቸው። በቃ፣ ይኸው ነው። ለራሳቸው ቀለም ማድላት ጀመሩ።

ይህን ለማመን ላብራቶሪ መግባት አላስፈለገኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችን በሚሰባሰቡበት ቦታ ለኳስ ብለን ግማሹን ቀይ፣ ግማሹን ሰማያዊ ሰደርያ አለበስናቸው። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ለስዕል የመጣውን የማርከር ሳጥን አንዲት ስድስት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ እንድታድል ተሰጣት። ቀይ ለባሽ ናት። ቀዮቹ ጋ ስትደርስ ዳኛ ሆነች። አንድ፣ አንድ፣ አንድ። ሁለት የወሰደውን ልጅ እጁን ፈልቅቃ አስመለሰችው። ሰማያዊዎቹ ጋ ስትደርስ ክዳን የሌላቸውንና የደረቁትን መምረጥ ጀመረች። ታናሽ ወንድሟ «እኔስ?» አላት። «አንተ ሰማያዊ ነህ» አለችው። የአንድ እናት ልጆች፣ በአንድ መኪና ተሳፍረው የመጡ! መጨረሻ ላይ አንድ ማርከር ተረፈ። ለማንም አልሰጠችም፣ ቀዮቹ እኩልነታቸው እንዳይዛባ ብላ ተቀመጠችበት። እሷ ብቻ አይደለችም፤ አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት ከ6 እስከ 8 ዓመት የሆኑ ልጆች አንድ ላጲስ ሲተርፍ፣ አንዱ ከሌላው እንዳይበልጥ ብለው ቆሻሻ ውስጥ ይጣል ብለዋል።

እና የቱ ጋ ነው የተሻለ ልጅ የሚያድገው፣ እዚህ ወይስ አገር ቤት? በ2015 እ.ኤ.አ. ካናዳን፣ አሜሪካን፣ ሜክሲኮን፣ ፔሩን፣ ሕንድን፣ ሴኔጋልንና ኡጋንዳን ያነጻጸረ ጥናት ወጣ። ያነሰ ሲደርሰው አልፈልግም ማለት በሰባቱም አገር ልጅ ላይ ታየ። ራሱ የበለጠ ሲደርሰው «ይቅርብኝ» የሚል ግን የተገኘው በካናዳ፣ በአሜሪካና በኡጋንዳ ብቻ ነው፣ ያውም ከፍ ባሉት ልጆች ላይ። ዓለምን ፈረንጅና እኛ ብሎ ለሁለት ለሚከፍል ሰው ይህ ውጤት አይመችም።

ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም። በዚያው ዓመት የጀርመን፣ የኬንያ ሳምቡሩና የናሚቢያ ሃይኦም ልጆች ሁለት ሁለት እየሆኑ ሠርተው ያገኙትን ሲካፈሉ ታዩ። ጀርመኖቹ በሠሩት ልክ አስልተው ተካፈሉ። ሽማግሌ በሚከበርበት በአርብቶ አደሮቹ በሳምቡሩ ልጆች ዘንድ ማን ይበልጥ ሠራ የሚባል ነገር ቦታ አልነበረውም። አዳኝና ለቃሚ የሆኑት ሃይኦሞቹ ከሁሉም ይልቅ ወደ እኩል አደሉት። እንግዲህ ለክረምት አገር ቤት የሄደው የእህታችን ልጅ «እኔ ነኝ ብዙ የሠራሁት» ሲል ስስታም የሚባለው፣ የአጎቱ ልጆች በሌላ ሚዛን ስለሚመዝኑ ይሆናል። እሱም በበኩሉ ተበደልኩ ብሎ አልቅሶ ይተኛል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን «የኛ»ና «የሌላ» በሚባለው ወሰን ላይ ያለው ነገር ነው። እዚህ ስንኖር ልጆቻችን ራሳቸው «ሌላ ቡድን» የሚሆኑበት ቀን ብዙ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ለአንዱ ቡድን ሁለት፣ ለሌላው አንድ ብስኩት ሲታደል ያዩ ልጆች ቀጥሎ ምን እንደሚያደርጉ ተመለከተ። ቡድኖቹ ጥቁርና ነጭ ነበሩ። ትንንሾቹ አድልዎውን ቀጠሉበት። ከ7 ዓመት ተኩል በላይ የሆኑት ለጎደለው ቡድን አብዝተው ሰጡ። ትንሽ ልጅ ንጹሕ ነው፣ ዘር አያውቅም ለሚል ወላጅ ይህ ይከብደዋል። ልጁ ያየውን ነው የሚደግመው።

ለቅዳሜው ስብስብ አንድ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። የሦስት ዓመት ሕፃናት እንኳ አብረው ገመድ ጎትተው ያመጡትን ሽልማት እኩል እንደሚካፈሉ፣ ዝም ብሎ ሲሰጣቸው ግን ይህ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። እኛም ሰደርያውን አስወልቀን፣ ሳጥኑን ቀይና ሰማያዊ ሳይሉ አብረው ጎትተው ያምጡት አልኩ። አንዷ እናት ሳቀችብኝ። «ከዚያ ማን ነው የበለጠ የጎተተው ብለው ይጣላሉ» አለች።

ይጣሉ። ማን ስንት ጊዜ እንደጎተተ የቆጠረ ልጅ መቼም አይጠፋም።