ስታኩን አትሙሉት፣ ዋርኒንጉንም አታፍኑት!

አንገሽግሾኛልና ልናገር። የከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ድራይቨር የምትጽፉ ሰዎች፣ ስለ ፈጣሪ ብላችሁ ትልልቅ ባፈር (ዳታ ማቆያ ቦታ) ስታክ ላይ፣ ማለትም ፋንክሽኖች ሲጠራሩ ሎካል ቫሪያብሎቻቸው በሚቀመጡበት ሜሞሪ ላይ፣ ማስቀመጥ ተዉ።

ሊኑክስ ላይ ተራ ፕሮግራም ስትጽፉ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሜጋባይት ስታክ አላችሁ። ከርነል ውስጥ ግን፣ በተለመደው 64 ቢት የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ማሽን ላይ፣ 16 ኪሎባይት ነው። ሜጋ አላልኩም፣ ኪሎ ነው ያልኩት። እሱም ቢሆን የእናንተ ብቻ አይደለም። ከሲስተም ኮሉ (ፕሮግራሙ ከርነሉን ከሚጠራበት) ጀምሮ ፋይል ሲስተሙ፣ የዲስክ ጥያቄዎችን የሚያስተናግደው የብሎክ ሌየር፣ ከሥር ያለው ድራይቨር፣ ሁሉም እየተጠራሩ እዚያችው ላይ ይደራረባሉ። አንዱ ተነስቶ 4 ኪሎባይት ባፈር ሎካል ቫሪያብል ሲያደርግ ሩቡን ብቻውን በላው ማለት ነው።

ከዚያ "እኔ ጋ ይሰራል" ይባላል። ይሰራላ! የጥሪው ሰንሰለት አጭር በሆነበት ነዋ የተሞከረው። እስቲ ከላይ ኤንኤፍኤስ (የኔትወርክ ፋይል ሲስተም)፣ ከሥሩ ኤክስኤፍኤስ (የዲስክ ፋይል ሲስተም)፣ ከሥሩ ሬይድ (ዲስኮችን የሚያጣምረው) ባለበት ሰርቨር ላይ ይሞከር፤ መሃል ላይ ሜሞሪ ያጥርና ከርነሉ በዚያው ስታክ ላይ እንዳለ ሜሞሪ ማስለቀቅ ይጀምራል፣ ሰንሰለቱም እጥፍ ይሆናል።

ሲሞላ የሚሆነው ነው የሚያቃጥለኝ። መከላከያ በሌለበት ከርነል ላይ ስታኩ ዝም ብሎ አልፎ የጎረቤቱን ሜሞሪ ይደፈጥጣል። ማሽኑ የሚወድቀው ቆይቶ፣ ምንም ባላጠፋ ሌላ ኮድ ውስጥ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ንጹሁን ኮድ ስትመረምር ታድራለህ። በ2016 የወጣው የሊኑክስ ከርነል 4.9 ይህን ለማስቆም ስታኩ በቪማሎክ (በከርነሉ አንዱ ሜሞሪ መመደቢያ) እንዲመደብና ጫፉ ላይ ማንም የማይነካው ጋርድ ፔጅ እንዲኖረው አደረገ። ስታኩ ሲያልፍ እዚያው ይያዛል፣ ጥፋተኛውም ይታወቃል። እሱንም አጥፍቶ ከርነል የሚያስረክብ ሰው አለ፤ ምን እንደሚባል አላውቅም።

"ታዲያ ስታኩን አሳድጉት" የሚል መልስ ደግሞ አይጠፋም። በ2014፣ በከርነል 3.15 ላይ ከ8 ወደ 16 ኪሎባይት አድጓል እኮ! ለእያንዳንዱ ስሬድ (ለብቻው ለሚሮጥ የሥራ መስመር) አንድ የከርነል ስታክ ነው የሚመደበው። 10,000 ስሬድ ባለበት ማሽን 16ቱ ኪሎባይት ብቻ 160 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፣ ያውም ወደ ስዋፕ (ዲስክ ላይ ወዳለው ማቆያ) የማይወጣ ሜሞሪ። 32 ስታደርጉት እጥፉን ሁሉም ሰው ይከፍላል፣ ያን ድራይቨር ጭራሽ የማይጠቀመውም ጭምር።

መፍትሔው ደግሞ ቀላል ነው። ባፈሩን ከስታክ ውጭ ሜሞሪ በሚሰጠው በኬማሎክ ውሰዱ። መተኛት (ሜሞሪ እስኪገኝ ቆሞ መጠበቅ) በማይቻልበት ቦታ ከሆናችሁ ድራይቨሩ ሲነሳ አስቀድማችሁ መድቡት። ትልቅ ስትራክት (የዳታ ጥቅል) ሙሉውን አትገልብጡ፣ ፖይንተሩን (አድራሻውን) አሳልፉ። ሪከርሽን (ፋንክሽን ራሱን መልሶ መጥራት) ከርነል ውስጥ አትጠቀሙ፤ ካስፈለገም ጥልቀቱ የታወቀ ይሁን። መጠኑ ሲሮጥ የሚወሰን አሬይ ከሊኑክስ ኮድ ውስጥ ተለቅሞ የወጣው በ2018 ነው፣ ግን ከዋናው የሊኑክስ ኮድ ውጭ ባሉ ድራይቨሮች ውስጥ ዛሬም ሞልቷል።

ኮምፓይለሩ እኮ ይናገራል! በ64 ቢት ላይ አንድ ፋንክሽን ብቻውን ከ2048 ባይት በላይ ስታክ ከወሰደ ብዙውን ጊዜ ዋርኒንግ ይመጣል። አንድ አቅራቢ የላከልን ድራይቨር ሜክፋይሉ (ኮዱ እንዴት እንደሚገነባ የሚናገረው ፋይል) ውስጥ ይህን ዋርኒንግ አጥፍቶታል። አይተውታል፣ ገብቷቸዋል፣ ባፈሩን ከማንሳት ይልቅ ዋርኒንጉን ዝም አሰኙት። ባፈሩን ወደ ኬማሎክ የሚያዛውር ፓች ጽፈን ላክንላቸው፣ የጥቂት መስመር ለውጥ ነው። መልሳቸው "ከርነላችሁን በ32 ኪሎባይት ስታክ አዘጋጁት" የሚል ሆነ። አናዘጋጅም። ፓቹን ተቀበሉት።