ለግራ ካልሲዬም ተመስገን

አምስት ዓመት የሞላት ልጄ ትናንት ማታ የትኛውም ወላጅ ሊመክተው የማይችል ስልት አገኘች። እንቅልፍ እንቢ ብላ አላለቀሰችም፤ ውኃ ጠማኝም አላለችም፤ እግዚአብሔርን ማመስገን ጀመረች። ለእናቷ አመሰገነች፤ ለእኔ፣ ለብርድ ልብሷ፣ ለትራሷ፣ ለቀኝ ካልሲዋ፣ ጥቂት አሰብ አድርጋም ለግራው። ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ «አሜን» አልኩ፤ እሷ ግን አሜኔን እንደ ነጠላ ሰረዝ ቆጥራ ቀጠለች። «ምስጋናው ይብቃሽ!» ብሎ ልጁን የሚቆጣ ክርስቲያን ወላጅ ደግሞ ከየት ይመጣል?

«ከልጅ አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት» የሚለውን ተረት እጅግ እወደዋለሁ፤ መጀመሪያ የተናገረው ሰው ልጅ ሲያስተኛ ያመሸ መሆን አለበት። የሚያናድደኝ ግን እንጨቱን ያቀበልኳት እኔው መሆኔ ነው። ባለፈው ሳምንት በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 የተጻፈውን የ10ሩን ለምጻሞች ታሪክ ነግሬያት ነበር። ሁሉም ነጹ፤ ለማመስገን የተመለሰው አንድ ሳምራዊ ብቻ ነው። ድምፄን ዝቅ፣ ቅንድቤን ከፍ አድርጌ «ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» አልኳት።

«ለምጹ ተመለሰባቸው?»

አልተመለሰባቸውም፤ ቢያንስ ወንጌሉ እንዲህ አይልም።

«እና ድነው ቤታቸው ገቡ?» አለችና ደስ ብሏት ተኛች። ታሪኩን ለማስፈራሪያ አስቤ የነገርኳት እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

እንቅልፍ ባጣሁ ቁጥር ደግሞ የማስበው መሰላሌን ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ጎረቤቴ «ለግማሽ ቀን» ብሎ ወሰደው፤ ሲወስደውም እጅ ነሥቶ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለኝ። ይህን አባባል ረጋ ብላችሁ መርምሩት፦ ሰጪው እኔ፣ ተቀባዩ እሱ፣ ከፋዩ እግዚአብሔር! ባለዕዳው ዕዳውን ወደ ላይ አስተላልፎ፣ ትከሻው ቀሎት፣ መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ። ስለ ጤንነቱ በጠየቅሁት ቁጥር «እግዚአብሔር ይመስገን» ይለኛል፤ ስለ መሰላሉ ግን አንድም ቀን ተንፍሶ አያውቅም። የሰውዬው ምስጋና ሁሉ ሽቅብ ነው፤ ሽቅብ መውጫውም በእጁ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው የተሠራው በልጅነቱ ይመስለኛል። እንግዳ በመጣ ቁጥር የልጁን ክንድ ቆንጠጥ እያደረግን «አመሰግናለሁ በል!» የምንለው እኛ፣ ጫማውን አምጥቶ ሲያቀብለን ግን ቀና ብለን እንኳ የማናየው እኛ፣ ማታ ላይ አልጋው ጫፍ ተቀምጠን የምስጋና መምህር እንሆናለን። ለዚያውም ከቀኑ ውስጥ ትዕግሥታችን የተሟጠጠበትን ሰዓት መርጠን፣ ልጁ አመስግኖ ቶሎ ዝም እንዲልልን! ልጄ እኔ ስጸልይ ሰምታኝ አታውቅም፤ የምትሰማው እሷ እንዴት መጸለይ እንዳለባት ሳዛት ብቻ ነው። ይህን እዚህ ላይ መጻፍ ባይኖርብኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ወደ ትናንት ማታ ልመለስ። ከጸሎቱ በፊት ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 28 ያዕቆብ ድንጋይ ተንተርሶ ስለ ማደሩና በሕልሙ ስላየው መሰላል አንብቤላት ነበር፤ ለትራሷ ያመሰገነችውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ከካልሲዎቹ በኋላ ዝም ስትል ያለቀ መስሎኝ መብራቱን ለማጥፋት እጄን ዘረጋሁ።

«ለጎረቤታችንም የእኛን መሰላል ስለ ሰጠኸው አመሰግንሃለሁ።»

እጄ ባለበት ቀረ። እሷም አንድ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ «አባዬ፣ አሜን በል እንጂ!» አለችኝ። በጥርሴ መካከል አንድ አሜን አሾለክሁና መብራቱን አጠፋሁ። በሩ ጋ ሳልደርስ ከጨለማው ውስጥ የግራ ጓንቷን እንደ ረሳችው ነገረችኝ።