ውዳሴ ዘካምሻፍት

ለሰው ሲያልፍለት በዓይን ይታያል ሲባል ነው የማውቀው። የኛ ብሎክ ምድር ቤት ልጅ ግን ያለፈለት በጆሮ ነው። ዲኤክሱ ላይ ስፖርት ካምሻፍት አስገባ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ያለ ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ያልሰማ ካለ ዛሬ ማታ ይሰማል።

ዲኤክስን አትናቁ። ቶዮታ በፈረንጆቹ 1979 ያወጣው የኮሮላ ትውልድ ነው። ልጁን በትንሹ 15 ዓመት ትበልጠዋለች። በወጋችን ቢሆን ባገኛት ቁጥር ጉልበቷን መሳም ነበረበት። እሱ ኮፈኗን ከፍቶ ሆድ ዕቃዋን ቀየረላት። ይሄም አክብሮት ነው።

ደግሞስ ምን ያድርግ? በ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባት ላይ እስከ 500 ከመቶ ታክስ ተጫነ። በ2016 ጥር ላይ ደግሞ ቤንዚን የሚጠጣ የቤት መኪና አይገባም ተባለ። ያለችውን ይዞ መኖር ነው። ፈሪው «ያለችውን መያዝ» ማለት ዘይት በጊዜው መቀየር ይመስለዋል። ጎረቤቴ ግን ራዕይ አለው። ሰበታም ለገጣፎም የሱ ቢጤዎች እየበዙ ነው፤ እግዜር ይባርካቸው።

ለማያውቅ ላስረዳ። ካምሻፍት ጉብታ ጉብታ ያለበት ዘንግ ነው። ኮሎው፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ፣ ሁለቴ ሲዞር እሱ አንዴ ይዞራል። ጉብታዎቹ ፑንቴሪያ የሚባሉትን ቁራጭ ብረቶች እየገፉ ባልቦላዎቹን በየተራ ይከፍታሉ፤ አየርና ቤንዚን ይገባል፣ ጭስ ድምፁን በሚያፍነው ማርሚታ በኩል ይወጣል። የስፖርቱ ጉብታ ከፍ ያለና ሰፋ ያለ ነው። ባልቦላውን አብዝቶ ይከፍታል፣ ቶሎም አያስዘጋም። ሞተር በከፍተኛ ዙር ሲሮጥ ይሄ ትልቅ ጸጋ ነው፤ በደንብ ይተነፍሳል። በዝቅተኛ ዙር ግን ማስገቢያውና ማስወጫው አብረው ተከፍተው የሚቆዩበት ጊዜ ይረዝማል። የሚገባው ከሚወጣው ይደባለቃል። ጉልበት ይቀንሳል፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ያለው ዙር) ይንገጫገጫል፣ ቤንዚኑም ያልቃል።

በአጭሩ መኪናዋ ዓይኗን የምትገልጠው ስትጮህ ብቻ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ ባለው የጠዋት ሰልፍ፣ ከሲኖትራክ ኋላ፣ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮን እየረገጠ፣ በየት በኩል እንደምትጮህ እንጃ። የአዳማው ፈጣን መንገድ ደጃችን ነው ብትሉ እዚያም ጣሪያው 120 ነው። ከፍታውም አለ። አዲስ አበባ ዙሪያ ከባሕር ጠለል ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በባሕር ጠለል ከሚያገኘው ጉልበት ከአምስት እጅ አንዱን ገደማ እዚህ ያጣል። ጎረቤቴ ታዲያ ከታች የቀረችውን ትንሽ ጉልበት ማንም ወደማይደርስበት ዙር ወሰዳት። ቁጠባ ይሏል ይሄ ነው።

ሲገጠም ነበርኩ። ባሕር ዛፍ ሥር ያለች ጋራዥ ናት። መካኒኩ ጨዋ ሰው ነው፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነገረው። «አዲስ ካም በአዲስ ፑንቴሪያ ነው የሚገባው። የባልቦላ ሞላውም ጠንከር ያለ ይፈልጋል። ካርቡራቶሩም እንደገና መስተካከል አለበት።»

«ብር አልቋል። ለጊዜው በአሮጌው ይሂድ» አለ ልጁ።

መካኒኩ ሰማይ ሰማይ አየ። «እንዳልክ» ብሎ ቁልፉን አነሳ።

አዲስ ካምሻፍት ሲገባ ሞተሩ ወዲያው ተነስቶ ለ20 ደቂቃ ያህል በደቂቃ ከ2 ሺህ ዙር ሳይወርድ መሥራት አለበት፤ ጉብታውና ፑንቴሪያው እንዲላመዱ። ጎረቤቴ ይህችን አንዲት መመሪያ በታማኝነት ፈጸመ። ቅዳሜ ዕለት፣ ግቢ ውስጥ፣ የዕድር ድንኳን ከተተከለበት አሥር ሜትር ርቀት ላይ። ለቅሶ ደራሹ እርስ በርሱ መሰማማት አልቻለም። ከሩቅ የመጡ ዘመዶች ግን «ሟች እንዲህ ይወደዱ ኖሯል?» ብለው ተገረሙ።

የኛ ቤት ከሱ በላይ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ማታ ማታ መኪናዋን አቁሞ ሞተሩን ሳያጠፋ ስልክ ያወራል። ሚኒሞው ዱግ ዱግ... ዱግ ይላል፣ እንደ ደከመ ልብ። ባለቤቴ ቡና ስታፈላ ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። መጀመሪያ ይንሾካሾካሉ። ቀጥሎ አንድ በአንድ ወደ ዳር ይሄዳሉ። ባለፈው አቦል ላይ የተነሳ ሲኒ ቶና ሳይደርስ ወደቀ። ባለቤቴ ስባሪውን ለቀመችና «ስንት ፈረስ ጉልበት ጨመረ ነው ያልከኝ?» አለችኝ።

አንድ ቀን እንደ ታላቅ ወንድም ልምከረው ብዬ «ፍሬኑስ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ፍሬን እኮ መንዳት ለማይችል ሰው ነው» አለኝ።

ጎማዎቹ እንደ መነኩሴ ቆብ ለስላሳ ናቸው። ለቦሎ ምርመራ ከጓደኛው አራት ጎማ ይዋሳል፤ ማታ ይመልሳል። እምነቱን የጠበቀ ልጅ ነው።

ሐሙስ ዕለት እሱ ጋ ተሳፍረን ስንመጣ ዘነበ። ወደ ብሎካችን የምትወስደው ኮረኮንች ዳገት ጨቀየች። ዳገቱ የሚወጣው ቀስ ተብሎ፣ በዝቅተኛ ዙር ነው። ዱግ... ዱግ... ጭጭ። አስነሳ፣ ጠፋ። አስነሳ፣ ጠፋ። ሦስት ሰው የጫነ ባጃጅ ከኋላ መጥቶ ክላክሱን ጲጵ አድርጎ አለፈን። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ እጇን አውለበለበችልን።

ወርደን ገፋን። እኔ፣ የዕድሩ ጸሐፊና ሁለት ቆሎ የሚሸጡ ልጆች። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። መኪናዋ ግን ዝም ብላ ነበር። ካምሻፍቱ ከገባ ወዲህ ሰፈሩ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ወፍ ሁሉ ሰማሁ።

የብሎካችን በር ላይ ስንደርስ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ጋሼ፣ ችግሩ ገብቶኛል። ታፍኖ ነው። ነገ ማርሚታውን አስነቅለዋለሁ።»