ከጎንደር ላሊበላ በአውሮፕላን ስንት ደቂቃ ነው? ትንሽ እርማት

ወዳጄ፣ «መንገዱ 360 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዳሽ 8 አውሮፕላን በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል፣ ስለዚህ 33 ደቂቃ» ብለሃል። መልስህ ወደ እውነቱ ተጠግቷል። ሂሳቡ ግን ልክ አይደለም። ሁለት ስህተቶች ተጣፍተው ነው የዳንከው።

አንደኛ፣ 360 የመኪና መንገድ ነው። መኪናው ወደ ደቡብ ወርዶ ወረታ ይደርሳል፣ በደብረ ታቦር አድርጎ ጋሸና ይወጣል፣ ከዚያ ነው ወደ ሰሜን ወደ ላሊበላ የሚታጠፈው። አውሮፕላን ጋሸና ምን ሊሠራ ይሄዳል? በቀጥታ መስመር ሁለቱ ኤርፖርቶች በ180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት።

እንግዲህ 180ን ለ660 አካፍል። ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ታዲያ ለምን ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይያዝለታል? ሁለተኛው ስህተትህ እዚህ ላይ ነው፤ 660 አውሮፕላኑ ከፍታውን ይዞ ሲበር ያለው ፍጥነት ነው። አጭር በረራ ላይ ያ ፍጥነት ብዙ አይቆይም። ተነስቶ ሽቅብ ሲወጣ ቀርፋፋ ነው፤ ገና ቀና ከማለቱ መውረድ ይጀምራል። የላሊበላ ኤርፖርት ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,950 ሜትር ገደማ ላይ፣ በተራሮች መሃል ነው። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ብቻውን ከ4,200 ሜትር ያልፋል። እንደ ልብ ዘው አይባልም፤ አንዳንዴ ዞሮ ተስተካክሎ ነው የሚገባው። መሬት ላይ የሚንከባለልበትም ደቂቃ አለ።

ቀጥታ በረራ በሌለበት ቀን ደግሞ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ በአዲስ አበባ ዞረህ ነው የምትመጣው።