ፍሬው የታለ?

በመጋቢት መጨረሻ ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ሐበሻ መሪ ጨብጦ እየተቁነጠነጠ ያንኑ መንገድ ሲዞር ካያችሁት፣ የቼሪ ዛፍ አበባ ሊያይ የወጣ ነው። እኔም እታባን ጋቢና አስቀምጬ የታይዳል ቤዚንን ኩሬ አራት ጊዜ ዞርኩት። በአምስተኛው ዙር «ልጄ፣ ስለት አለብህ እንዴ?» አሉኝ።

«መኪና ማቆሚያ እየፈለግኩ ነው።»

«የእኛ አደይ እኮ በእንቁጣጣሽ በልጆች እጅ በር ድረስ ነው የሚመጣው።»

መኪናዋን በመጨረሻ ያቆምኳት የአገር ያህል ርቄ ነው። እታባ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የሽሮ ምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለው ተከተሉኝ። አበባው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈነዳው በሁዳዴ ስለሆነ የእኛ ሰው ሽርሽር ክትፎ አያውቅም።

ዛፎቹ ጋ ስንደርስ ዝም አሉ። ቅጠል ገና ብቅ ሳይል ነጣ ያለው ሮዝ አበባ ቅርንጫፉን ሸፍኖታል፤ ነፋስ ሲነካው እንደ ፈንዲሻ ውኃው ላይ ይበተናል። እኔ አስጎብኚነቴን ጀመርኩ፦ የቶኪዮ ከንቲባ በ1912፣ በእኛ 1904 ዓ.ም.፣ 3,020 ችግኝ ላኩ፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የመጣው 2,000 ግን ተባይ ተገኝቶበት ተቃጠለ።

«ስጦታ ተቀብለው አቃጠሉት?»

«ተባይ ነበረበት፣ እታባ።»

«እሳቸውም ሳይቀየሙ መልሰው ላኩ? ጨዋ ሰው ናቸው።» ቀና ብለው ቅርንጫፉን መረመሩ። «ፍሬውስ መቼ ይደርሳል?»

የተተከለው ለአበባው ብቻ እንደሆነ፣ ጥቂት ቢያፈራም የወፍ ቀለብ እንጂ የሰው ምግብ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ዛፉን ሥራ ፈትቶ ቤት እንደተቀመጠ ጎረምሳ ገላመጡት።

በዙሪያችን ያለው ሕዝብ በሙሉ ጀርባውን ለአበባው ሰጥቶ ለስልኩ ይስቃል። አንዲት የአገራችን ልጅ በጥልፍ ቀሚስ አጊጣ ያንኑ ፈገግታ አሥር ጊዜ ደገመችው። እኔስ ብሆን? አርባ ፎቶ አንስቼ አዲስ አበባ ላክኩ። ወንድሜ ወዲያው መለሰልኝ፦ «ከኋላ የሚታየው መኪና ያንተ ነው?»

እታባ በበኩላቸው ሣሩ ላይ ነጠላቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«አንድ ቅርንጫፍ ብትቆርጥልኝ ለቡናው እጎዘጉዘው ነበር።»

«የመንግሥት ዛፍ ነው፣ ያስቀጣል!»

ጥቂት አሰቡና ሣሩ ላይ የረገፈውን እየለቀሙ በነጠላቸው ጫፍ መቋጠር ጀመሩ።

«የወደቀውስ የማን ነው?»

ሕጉ ስለዚህ ምን እንደሚል አላነበብኩም። እኔም ጎንበስ አልኩ።